የሚሊዮኖች ስልክና የ856 ሰዎች ቃል፦ ግዙፍ ዳታ ኢኮኖሚውን ምን ያህል ያሳየናል?

የዋጋ ግሽበት አኃዝ ይፋ በሆነ ቁጥር የሚነሳ ክርክር አለ። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ግሽበቱ ወረደ ሲል፣ ከገበያ የሚመለሰው ሰው «የትኛው ገበያ ነው የሄዱት?» ይላል። የክርክሩ ግማሽ ከቃሉ አረዳድ የሚመጣ ነው። ግሽበት ወረደ ማለት ዋጋ የሚጨምርበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት እንጂ ጤፍ ረከሰ ማለት አይደለም። አምና በ30 በመቶ የጨመረ ዕቃ ዘንድሮ በ15 በመቶ ሲጨምር ግሽበቱ በግማሽ ወርዷል፤ ሸማቹ ግን በተወደደው ላይ ሌላ ውድነት ተጨምሮበታል። ሌላው ግማሽ ተገቢ ጥያቄ ነው። ቁጥሩ ከየት መጣ? ማን ሰበሰበው? በሌላ መንገድ ማመሳከር ይቻላል ወይ?

ለዚህ ጥያቄ በቅርብ ዓመታት አንድ መልስ ተደጋግሞ ይሰማል። ሰው በስልኩ እየከፈለ፣ ሳተላይት ማሳውን ከላይ እያነሳ፣ ነጋዴው ዕቃውን በኢንተርኔት እየለጠፈ፣ ታብሌት ይዞ ቤት ለቤት የሚዞር መረጃ ሰብሳቢ ለምን ያስፈልጋል? ግዙፍ ዳታና ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራውን አይጨርሱትም ወይ? ባለፉት 15 ዓመታት የተሠሩት ጥናቶች የሚሰጡት መልስ አድናቂዎቹንም ተጠራጣሪዎቹንም ሙሉ በሙሉ የሚያስደስት አይደለም። መሣሪያው በእርግጥ ኃይለኛ ነው። ነገር ግን ይተካዋል የተባለው ቤት ለቤት ዟሪ፣ መሣሪያው ራሱ የቆመበት እግር ሆኖ ተገኝቷል።

ማንም ሳይጠየቅ የተመዘገበ መረጃ

«ቢግ ዳታ» ወይም ግዙፍ ዳታ የሚለው አጠራር ስለ መጠን ብቻ የሚናገር ያስመስለዋል። ባለሙያዎች ሲተረጉሙት ሦስት ነገር ይጠቅሳሉ፦ ብዛቱን፣ የሚመጣበትን ፍጥነትና የዓይነቱን መለያየት። ለኢኮኖሚ ጥናት ከሦስቱም ይልቅ የሚያስፈልገው ልዩነት ግን ሌላ ነው። የተለመደው ስታቲስቲክስ የሚጀምረው ከጥያቄ ነው። ባለሙያው ማወቅ የሚፈልገውን ይወስናል፣ ናሙና ይመርጣል፣ መጠይቅ ያዘጋጃል፣ ሰው ይልካል። ግዙፍ ዳታ ውስጥ ማንም ማንንም አልጠየቀም። የስልክ ኩባንያው ጥሪውን የመዘገበው ሒሳብ ለመያዝ ነው፤ ሱፐርማርኬቱ ዋጋውን ድረ ገጹ ላይ ያሰፈረው ለመሸጥ ነው፤ የገቢዎች መሥሪያ ቤቱ መዝገቡን የያዘው ግብር ለመሰብሰብ ነው። የኢኮኖሚ አጥኚው ኋላ መጥቶ ከዚህ የሥራ ትርፍራፊ ውስጥ የራሱን ጥያቄ መልስ ይፈልጋል።

ጥሬው መረጃ በሰው ዓይን ተነብቦ ስለማያልቅ «ማሽን ለርኒንግ» የሚባለው ዘዴ ይገባል። ኮምፒውተሩ መልሳቸው አስቀድሞ የታወቀ ምሳሌዎች ይሰጡታል፤ ከእነርሱ ውስጥ ተደጋጋሚ ምልክቶችን ይለያል፤ ከዚያም መልሱ ያልታወቀውን ይገምታል። «መልሳቸው አስቀድሞ የታወቀ» የሚለውን ሐረግ አንባቢ ቢይዘው መልካም ነው፤ ወደ በኋላ ብዙ ነገር የሚንጠለጠለው በእሱ ላይ ነው።

አርጀንቲና፦ የሱፐርማርኬት ዋጋ መንግሥትን ሲያጋልጥ

የግዙፍ ዳታ ስም በኢኮኖሚክስ ውስጥ ከተጠራባቸው ቀዳሚ ጉዳዮች አንዱ የአርጀንቲና ግሽበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 መጀመሪያ ላይ መንግሥት በብሔራዊ ስታቲስቲክስ ተቋሙ ውስጥ እጁን አስገብቶ የሸማቾች ዋጋን የምትመራውን ባለሙያ ከቦታዋ አነሳ። ከዚያ ወዲህ ይፋዊው ግሽበት ዝቅ ብሎ ተቀመጠ፤ ሕዝቡ ግን በየሱቁ ሌላ ነገር ያያል። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው አርጀንቲናዊው አልቤርቶ ካቫሎ የአገሩን ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ድረ ገጽ በየቀኑ የሚያነብ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጠቀም ጀመረ።

አሠራሩ ሲታይ ቀላል ነው። አንድ የሱፐርማርኬት ገጽ ለእኛ የዘይትና የፓስታ ሥዕል ነው። ከጀርባው ግን እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ መለያ ቁጥር፣ ስምና ዋጋ በተመሳሳይ ምልክት መካከል ተጽፎ ይገኛል። ፕሮግራሙ ገጹን ከፍቶ ምልክቱን ይፈልጋል፣ በመካከሉ ያለውን ቁጥር ይገለብጣል፣ ቀኑን ጽፎ ያስቀምጣል። በማግሥቱም ያንኑ ይደግማል። ያው ዘይት ትናንት ስንት ነበር፣ ዛሬ ስንት ሆነ የሚለው በሺህ ለሚቆጠሩ ዕቃዎች ይታወቃል። ካቫሎ ከሮቤርቶ ሪጎቦን ጋር እ.ኤ.አ. በ2008 በማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም «የቢሊዮን ዋጋዎች ፕሮጀክት» የተባለውን ሲመሠርቱ ዘዴው ወደ ብዙ አገሮች ሰፋ።

ውጤቱ እንዲህ ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2011 ባሉት ዓመታት የአርጀንቲና ይፋዊ ግሽበት በአማካይ በዓመት 8 በመቶ አካባቢ ሲሆን፣ ከድረ ገጽ የተሰበሰበው ዋጋ ያሳየው 20 በመቶ አካባቢ ነበር። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ «ሱፐርማርኬት አገሩን አይወክልም» ተብሎ ሊታለፍ ይችል ነበር። ካቫሎ ግን በተመሳሳይ ዘዴ የብራዚልን፣ የቺሊን፣ የኮሎምቢያንና የቬኔዙዌላን ዋጋ ለክቶ ነበር፤ በእነዚያ አገሮች የድረ ገጹ ዋጋና ይፋዊው ግሽበት ተቀራርበው ይሄዳሉ። መለኪያው በአራት አገር ልክ ሆኖ በአንዱ ብቻ ቢያፈነግጥ፣ ጥርጣሬው የሚያርፈው በመለኪያው ላይ አይሆንም። መንግሥት በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2011 የራሳቸውን የግሽበት ግምት ያወጡ የግል ኢኮኖሚስቶችን በገንዘብ ቀጣ። እ.ኤ.አ. በ2013 ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት አርጀንቲናን በተሳሳተ አኃዝ ምክንያት በይፋ ወቀሰ፤ እንዲህ ያለ ወቀሳ በድርጅቱ ታሪክ የመጀመሪያው ነበር።

ከሱፐርማርኬት ወደ ጉሊት

ይህን ታሪክ የሰማ ሁሉ «እኛስ?» ማለቱ አይቀርም። መልሱ የሚጀምረው የአርጀንቲና ከተሜ አስቤዛውን ከየት ይገዛ ነበር ከሚለው ነው። ትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች ከሸማቹ ወጪ ሰፊ ድርሻ ነበራቸው፤ በድረ ገጻቸው ላይ የለጠፉት ዋጋም መደርደሪያቸው ላይ ካለው ብዙ አይለይም። በኢትዮጵያ የአብዛኛው ቤተሰብ ወጪ የሚያልፈው በእህል በረንዳ፣ በቅዳሜ ገበያ፣ በሰፈር ሱቅና በጉሊት ነው። በኢንተርኔት የሚሸጠው ነጋዴም ቢሆን ፎቶውን አሳምሮ ይለጥፍና ከሥሩ «ለዋጋ በውስጥ መስመር ያነጋግሩን» ይላል። የካቫሎ ፕሮግራም እዚህች ላይ ደርሶ ይቆማል።

የሚለጠፈውም ቢሆን በአብዛኛው ተሽከርካሪ፣ ስልክ፣ ኤሌክትሮኒክስ፣ ኮንዶሚኒየም ነው። እነዚህ ዋጋዎች ከውጭ ምንዛሪ ጋር ፈጥነው ይንቀሳቀሳሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ውጤቱ በየትኛው ዕቃ ላይ በስንት ቀን ታየ ለሚል ጥያቄ እንዲህ ያለው መረጃ ከወርኃዊው ሪፖርት የተሻለ ዝርዝር ሊሰጥ ይችላል። የአንድ ድሃ ቤተሰብን የኑሮ ውድነት ግን አይለካም።

ጉሊት ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ሽንኩርት በመደብ ይሸጣል። ሻጯ አምና መደቡን በ50 ብር ትሸጥ ከነበረ ዘንድሮም 50 ብር ልትል ትችላለች፤ የቀነሰው ከመደቡ ላይ የነበሩት ሁለት ራስ ሽንኩርቶች ናቸው። በቁጥር የተጻፈው ዋጋ አልተነቃነቀም፣ ኑሮው ግን ተወዷል። ይህን የሚይዘው መደቡን አንስቶ ሚዛን ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ብቻ ነው። ጤፍም እንዲሁ ነው። ማኛ፣ ነጭና ሰርገኛ በዋጋ ይራራቃሉ፤ በየትኛውም ማስታወቂያ ላይ ግን ሁሉም «ጤፍ» ተብለው ሊጻፉ ይችላሉ። ባለፈው ወር ማኛ፣ በዚህ ወር ሰርገኛ የመዘገበ ኮምፒውተር ዋጋ ወረደ ብሎ ቢያበስር ጥፋቱ የኮምፒውተሩ አይደለም።

በሞባይል የሚከፈለውስ? ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ኤምፔሳም ከተከተለ በኋላ፣ በአገሪቱ ታይቶ የማይታወቅ የክፍያ መዝገብ ተፈጥሯል። የንግድ እንቅስቃሴ በየትኛው ከተማ እንደቀዘቀዘ፣ ደመወዝ በገባ በስንተኛው ቀን እንደሚያልቅ፣ በዓል ሲቃረብ ገንዘብ ከአዲስ አበባ ወዴት እንደሚፈስ ይህ መዝገብ ሊያሳይ ይችላል። ነገር ግን መዝገቡ የሚያውቀው ከማን ወደ ማን፣ ስንትና መቼ የሚለውን ነው። ምን እንደተገዛ አይታወቅም። ዕቁብ የደረሳት ሴት በአንድ ቀን ከ20 ሰው ገንዘብ ሲገባላት፣ ከሌላ ነገር ጋር ካልተያያዘ በቀር ነጋዴ ትመስላለች። የቤት ኪራይ፣ ለቅሶ ቤት የተላከ፣ የተመለሰ ብድርና የተሸጠ በግ ሁሉም አንድ ዓይነት መስመር ናቸው። ከዓረብ አገር ልጅ የላከችው ገንዘብ በሐዋላ አስተላላፊ በኩል መጥቶ በእጅ ከተሰጠ ደግሞ ጭራሹን አይታይም።

ከሰማይ የታየ ሀብትና ድህነት

ሁለተኛው ትልቅ መስክ የሳተላይት ምስል ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ቬርነን ሄንደርሰን፣ አዳም ስቶሪጋርድና ዴቪድ ዌይል ባሳተሙት ጥናት የሌሊት መብራት መጠን ከኢኮኖሚ ዕድገት ጋር አብሮ እንደሚሄድ አሳዩ። ስታቲስቲክሳቸው ደካማ ለሆኑ አገሮች፣ መብራቱ ይፋዊውን ቁጥር ለማረም ይረዳል የሚል ነበር ሐሳባቸው። ሉዊስ ማርቲኔዝ እ.ኤ.አ. በ2022 ይህንኑ ይዞ ፖለቲካዊ ጥያቄ አነሳ፦ መንግሥታት ስለ ዕድገታቸው የሚናገሩት ከመብራቱ ጋር ይስማማል ወይ? ግምቱ፣ አምባገነን መንግሥታት ዓመታዊ ዕድገታቸውን በ35 በመቶ ገደማ አጋነው ያቀርባሉ የሚል ሆነ። ለምሳሌ እውነተኛው ዕድገት 6 በመቶ ቢሆን 8 በመቶ አካባቢ ተብሎ ይነገራል ማለት ነው።

ይህ ጥናት ብዙ ተጠቅሷል፣ በችኮላም ተጠቅሷል። ግኝቱ ስለ ብዙ አገሮች አማካይ የሚናገር ነው፤ አንድ መንግሥት በአንድ ዓመት ዋሸ ወይስ አልዋሸም ለሚለው ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ከመረጃው አቅም በላይ ነው። ዕድገቱ ከየትኛው ዘርፍ መጣ የሚለውም አለ። ማርቲኔዝ የኢኮኖሚ መዋቅር ልዩነትን ግምት ውስጥ ለማስገባት ሞክሯል፤ ሆኖም የዝናቡ ማማር የጨመረው የስንዴ ምርት ሌሊት እንደማያበራ፣ አንድ አዲስ ፋብሪካ ግን አጥር ሙሉ መብራት ይዞ እንደሚመጣ መዘንጋት የለበትም። በኢትዮጵያ ገጠር ሁለት ጥማድ በሬ ያለው ገበሬና መሬቱን ለእኩል አራሽ የሰጠችው መበለት፣ መንደራቸው የኤሌክትሪክ መስመር ካልደረሰው፣ ከላይ ሲታዩ እኩል ጨለማ ናቸው። በሌላ በኩል በጦርነት ወይም በመስመር ብልሽት መብራት የጠፋበት ከተማ በአንድ ሌሊት «የደኸየ» ይመስላል።

ለዚህ መልስ የሚሆን ሥራ እ.ኤ.አ. በ2016 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መጣ። አጥኚዎቹ የሌሊቱን መብራት ለኮምፒውተሩ ማስተማሪያ ብቻ ተጠቅመው ወደ ቀኑ ምስል ዞሩ። ኮምፒውተሩ የጣሪያ ዓይነት፣ የመንገድ አቀማመጥ፣ የእርሻ ቅርጽና የውኃ ቦታ እንዲለይ ተደረገ፤ በናይጄሪያ፣ በታንዛኒያ፣ በኡጋንዳ፣ በማላዊና በሩዋንዳ መንደሮች መካከል ካለው የኑሮ ልዩነት በተሻለው ሁኔታ እስከ 75 በመቶ የሚሆነውን ከምስሉ ብቻ ማስረዳት ቻሉ። ሣር ክዳን ወደ ቆርቆሮ ሲለወጥ ከላይ ይታያልና ነገሩ አይገርምም። ችግሩ ያለው በዳር ያሉት ላይ ነው። እንዲህ ያለ ግምት ወደ አማካዩ ያደላል፤ እጅግ የደኸየውን መንደር ከእውነቱ ሻል ያለ፣ የበለጸገውን ደግሞ ዝቅ ያለ ያስመስለዋል። ዕርዳታ ለማከፋፈል የሚፈለገው ደግሞ ያንኑ እጅግ የደኸየውን ማወቅ ነው።

ለኢትዮጵያ የሳተላይት መረጃ አዲስ ነገር አይደለም። ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ የተቋቋመው በአሜሪካ የሚደገፈው የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት የዝናብና የልምላሜ ምስሎችን ለአሥርት ዓመታት ሲጠቀም ኖሯል። በቦረናም ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የአርብቶ አደሮች የከብት መድን የሚሠራው በዚህ ነው። መድን ሰጪው የሞተ ከብት አይቆጥርም። በሳተላይት የሚለካው የግጦሽ ልምላሜ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ በአካባቢው ላሉ መድን ገቢዎች ሁሉ ይከፍላል። በየበረቱ መርማሪ መላክ ስለማያስፈልግ ዋጋው ይረክሳል፣ ማጭበርበርም አይቻልም። ነገር ግን በቦረና ሜዳ ላይ ለዓመታት የተስፋፋ ቁጥቋጦ አለ። ከላይ ሲታይ አረንጓዴ ነው፤ ከብት አይበላውም። ሳተላይቱ ልምላሜ ብሎ ባነበበው ዓመት ላሟ የሞተችበት አርብቶ አደር ካሳ ላያገኝ ይችላል። ባለሙያዎች ይህን ክፍተት በሚገባ ያውቁታል፤ ለማጥበብም ከአርብቶ አደሮቹ ጋር እየተነጋገሩ የመለኪያውን ድንበርና ወቅት ያስተካክላሉ። ማስተካከያው የሚመጣው መሬት ላይ ካለው ሰው ነው።

ስልኩ ስለ ባለቤቱ የሚናገረው

የርእሱ 856 ሰዎች የሩዋንዳ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 ጆሹዋ ብሉመንስቶክና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት የ1.5 ሚሊዮን የስልክ ደንበኞች የጥሪ መዝገብ ጥቅም ላይ ውሏል። የተነጋገሩት አልተሰማም፤ ማን ለማን፣ መቼ፣ ለስንት ደቂቃ፣ ከየትኛው አንቴና ሥር ደወለ የሚለው ብቻ ነው የታየው። ከዚህ ውስጥ ኮምፒውተሩ በሺህ የሚቆጠሩ ምልክቶችን አወጣ፦ የሚደውል ነው ወይስ የሚደወልለት፣ ስንት የተለያዩ ሰዎችን ያገኛል፣ ከሰፈሩ ምን ያህል ይርቃል፣ በየትኛው ሰዓት ይነጋገራል። ከምልክቶቹ የትኛው የሀብት፣ የትኛው የድህነት ምልክት እንደሆነ ግን ከመዝገቡ አይታወቅም። ያንን ለማወቅ 856 ደንበኞች በስልክ ተደውሎላቸው ፈቃዳቸው ከተጠየቀ በኋላ ስለ ቤታቸውና ስለ ንብረታቸው ተጠየቁ። የአገሪቱ የሀብት ካርታ የተሠራው እነዚህ የሰጡት መልስ ወደ 1.5 ሚሊዮኑ ተዘርግቶ ነው። ውጤቱም መንግሥት በብዙ ወጪ ካደረገው የቤተሰብ ጥናት ጋር በወረዳ ደረጃ ሲነጻጸር በደንብ ተቀራረበ።

ይህን ጥናት የሚያደንቁ ስለ 1.5 ሚሊዮኑ ይናገራሉ። እኔ የማየው 856ቱን ነው። እነርሱ ባይጠየቁ ኖሮ የቀረው የአንቴና ቁጥር ክምር ብቻ ነበር።

ዘዴው ከወረቀት ወጥቶ በሥራ የተፈተነው በቶጎ ነው። ኮሮና በገባ ጊዜ መንግሥት ሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. «ኖቪሲ» የተባለ የገንዘብ ድጎማ ጀመረ። የድሆች መዝገብ አልነበረም፤ የነበረው በቅርቡ የታደሰ የመራጮች መዝገብና የሞባይል ገንዘብ ነበር። ድጎማው ወደ ገጠር ሲሰፋ መጀመሪያ በሳተላይት ምስል 100 እጅግ ድሃ የሆኑ አካባቢዎች ተለዩ፤ ቀጥሎ በውስጣቸው የሚገኙ ድሃ ደንበኞች በስልክ አጠቃቀማቸው ተመረጡ። እዚህም ሞዴሉ፣ ማለትም ግምቱን የሚሰጠው የኮምፒውተር ስሌት፣ የተማረው በሺዎች ከሚቆጠሩ ሰዎች በስልክ ከተሰበሰበ መጠይቅ ነው።

ግምገማው እ.ኤ.አ. በ2022 ታተመ፤ ሁለት ቁጥሮቹ አብረው ካልተነበቡ ያሳስታሉ። በአካባቢ ብቻ ከመምረጥ ጋር ሲነጻጸር፣ በስልክ መረጃ መምረጡ መርዳት የሚገባውን ድሃ የመዝለል ስሕተትን ከ4 እስከ 21 በመቶ ቀንሷል። ቶጎ የተሟላ የቤተሰብ መዝገብ ቢኖራት ኖሮ ከሚደረገው ምርጫ ጋር ሲነጻጸር ግን ስሕተቱ ከ9 እስከ 35 በመቶ ይበልጣል። ስለዚህ ለጥድፊያ ጊዜ፣ ሌላ መዝገብ ለሌለበት አገር፣ ጥሩ መሣሪያ ነው። መዝገብ ላለመሥራት ሰበብ ከሆነ ግን ድሃው ይዘለላል። ስልክ የሌለው ሰው ደግሞ ከመጀመሪያውም በስሌቱ ውስጥ የለም፤ በገጠር ብዙ ጊዜ እሱ ከድሆቹ ድሃው ነው፣ ከባልና ከሚስት ደግሞ ስልክ የሌላት ሚስት ናት።

በኢትዮጵያ የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ተረጂ የሚለየው በአብዛኛው በቀበሌ ኮሚቴ ነው። ኮሚቴ ያዳላል፣ ዘመድ ይጠቅማል የሚል ቅሬታ የቆየ ነው። ኮምፒውተር ዘመድ የለውም። ይሁን እንጂ ኮሚቴው ለምን እንደዘለለህ ስትጠይቀው የሚመልሰው ነገር አለ፤ ደግም ሆነ ክፉ ልትሟገተው ትችላለህ። «ማታ ማታ ብዙ ሰው ስለሚደውልልህ ሀብታም መስለህ ነው» የሚል ሞዴል ቢሮ የለውም። ሌላም ነገር አለ። ሰው የሚመረጥበትን ምልክት ካወቀ ጠባዩን ይለውጣል። ትንሽ መደወል ዕርዳታ የሚያስገኝ መሆኑ በተሰማ ማግሥት፣ ሁለተኛ ሲም ካርድ የሚያወጣው ሰው ይበዛል።

አንባቢው በዚህ ዓይነት ሚዛን ላይ ሳያስተውለው ተመዝኖ ሊሆን ይችላል። ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር በ2014 ዓ.ም. ያስጀመራቸው «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉት የቴሌብር ብድሮች ዋስትና አይጠይቁም፤ ደንበኛው ስንት ሊበደር እንደሚችል የሚወሰነው በአጠቃቀም ታሪኩ ነው። ባንክ ቤት ካርታ አስይዞ መበደር ለማይችል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሚሳሳት ከሆነ የሚሳሳተው ለምን እንደሆነ ደንበኛው የሚያውቅበት መንገድ ግን ጠባብ ነው።

ብዛት መቼ ይጠቅማል?

በሕዝብ ንግግር ውስጥ ተደጋግሞ የሚሰማ ስሕተት፣ መረጃው ብዙ ከሆነ እውነት ነው የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ በፌስቡክ በኩል በየሳምንቱ ወደ 250,000 ሰዎች የኮሮና ክትባት መውሰዳቸውን ይጠየቁ ነበር። በግንቦት ወር ይህ ግዙፍ ጥናት የተከተቡትን በ17 የመቶኛ ነጥብ አብዝቶ ገመተ። በዚያው ጊዜ ወደ 1,000 ሰዎችን ብቻ፣ ግን በጥንቃቄ መርጦ የጠየቀ ሌላ ጥናት ወደ እውነቱ ቀረበ። ልዩነቱን ያሰሉት ባለሙያዎች፣ 250,000ው መልስ በትክክለኛ ዕጣ ከተመረጡ 10 ሰዎች መልስ የማይሻልበት ሁኔታ እንዳለ አሳዩ። ብዛት የዕድል ስሕተትን ያጠፋል፤ ማን ገባ፣ ማን ቀረ የሚለውን ስሕተት ግን አይነካውም። እንዲያውም የተሳሳተውን መልስ በበለጠ እርግጠኝነት እንድንናገር ያደርገናል። ጉግል ከፍለጋ ቃላት ተነስቶ ጉንፋንን ሊተነብይ እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው ሥራም ለጥቂት ጊዜ ከተደነቀ በኋላ በተከታታይ ሳምንታት እያጋነነ መጥቶ በ2015 ቆመ።

ብዛት በእርግጥ የሚጠቅመው ሁሉም ሰው ተመዝግቦ እያለ ጥያቄው ጥቃቅን ክፍፍል ሲፈልግ ነው። ራጅ ቼቲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ከ40 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ልጆችንና የወላጆቻቸውን የግብር መዝገብ አገናኝተው፣ ከድሃ ቤት የተወለደ ልጅ ወደ ላይኛው የገቢ እርከን የመውጣት ዕድሉ እንደ ከተማው እንደሚለያይ አሳዩ። ከታችኛው አንድ አምስተኛ ወደ ላይኛው አንድ አምስተኛ የመድረስ ዕድል በሻርሎት 4.4 በመቶ፣ በሳን ሆዜ 12.9 በመቶ ነበር። በ5,000 ሰዎች ናሙና ይህን በየከተማው መለየት አይቻልም። ነገር ግን ይህ ዳታ የተገኘው በደንብ ከተያዘ የመንግሥት መዝገብ ነው፤ ከስልክና ከሰማይ አይደለም።

መገመት ማስረዳት አይደለም

የኢኮኖሚ ጥያቄ ብዙ ጊዜ «የት?» ብሎ አይቆምም፤ «ለምን?» እና «ይህን ብናደርግ ምን ይመጣል?» ይላል። እዚህ ላይ ከሁሉ የረቀቀው ወጥመድ አለ። መንግሥት ወደ አንድ ወረዳ አስፋልት ሠራ እንበል። መንገዱ ኑሮ አሻሻለ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ አንድ አጥኚ ከሳተላይት የተሠራውን የሀብት ካርታ አውጥቶ ከመንገዱ በፊትና በኋላ ያነጻጽራል፤ ሀብት ጨምሯል ይላል። ካርታውን የሠራው ሞዴል ግን ሀብታም መንደርን የሚለየው በምን ነበር? በጣሪያውና በመንገዱ። ሞዴሉ አዲሱን አስፋልት አይቶ «ሀብታም» አለ፤ አጥኚው ደግሞ ያንን መልሶ ለአስፋልቱ ማስረጃ አደረገው። አንድም ገበሬ አንድ ኪሎ ሳይጨምር ሪፖርቱ ያምራል። እንዲህ ያለውን ክብ መስበር የሚቻለው ከምስሉ ውጭ በሆነ መለኪያ፣ ማለትም ሰዎቹን ምን በሉ፣ ምን ሸጡ ብሎ በመጠየቅ ነው።

መዝገቡ የማን ነው?

የስልክ መዝገብ ስም ቢጠፋለት እንኳ ስውር አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት የ1.5 ሚሊዮን ሰዎችን እንቅስቃሴ መርምሮ፣ አራት የቦታና የሰዓት ነጥቦች ብቻ ከ100 ሰው 95ቱን ነጥሎ ለመለየት እንደሚበቁ አሳይቷል። የሚያድርበት ሰፈር፣ የሚውልበት መሥሪያ ቤት፣ እሑድ የሚያስቀድስበት ቤተ ክርስቲያን ወይም ዓርብ የሚሰግድበት መስጊድ፣ ቅዳሜ የሚገበይበት ገበያ፤ አራት ሞላ።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች። ሁለት ተገቢ ሐሳቦች እዚህ ይጋጫሉ። አንደኛው፣ በኩባንያ እጅ የተከማቸው መዝገብ ለሕዝብ ጥቅም፣ ለምሳሌ ለድርቅ ምላሽ ወይም ለግሽበት ጥናት፣ ክፍት ይሁን ይላል። ሌላው ደግሞ፣ ሰው መዝገቡን የሰጠው ስልክ ለመደወል እንጂ ለመጠናት አይደለም፤ ግጭት በበዛበት አገርም ማን የት እንደዋለ የሚያሳይ መረጃ ከአጥኚ እጅ ወጥቶ ወዴት እንደሚደርስ ዋስትና የለም ይላል። መካከለኛው መንገድ፣ ጥሬው መዝገብ ከኩባንያው ሳይወጣ ድምር ውጤቱ ብቻ እንዲሰጥ ማድረግ ነው። የግለሰብን ድህነት ለመለየት አይበቃም፤ የገበያ እንቅስቃሴን በከተማ ደረጃ ለመከታተል ግን ይበቃል። አሁን ባለንበት ሁኔታ የሚያዋጣው ይህ መካከለኛ መንገድ ይመስለኛል።

የሚካፈልበት ቁጥር

ኢትዮጵያ ሕዝቧን ለመጨረሻ ጊዜ የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ በአፋርና በሶማሌ ክልሎች ደግሞ በ2000 ዓ.ም.። አራተኛው ቆጠራ በ2010 ዓ.ም. ይካሄዳል ተብሎ ከዚያ ወዲህ ተደጋግሞ ተራዝሟል። የቤተሰብ ገቢና ፍጆታ ጥናት፣ ናሙናዎች ሁሉ የሚመረጡበት ዝርዝር፣ የግሽበት ቅርጫት (ግሽበቱን ለመለካት ዋጋቸው የሚታይ ዕቃዎች ስብስብ) ውስጥ ለእያንዳንዱ ዕቃ የሚሰጠው ክብደት በየደረጃው ከዚህ ቆጠራና ከእሱ በተሰሉ ትንበያዎች ጋር የተሳሰሩ ናቸው። የሳተላይትና የስልክ ሞዴሎችም የሚማሩት ከነዚሁ ጥናቶች ነው። በመካከሉ ጦርነትና መፈናቀል ሰውን ከቦታ ቦታ አዛውሯል፤ ከተሞች ሰፍተዋል።

በዚህ ምክንያት ከሰማይ የተሠራ የድህነት ካርታ ሲቀርብ፣ በላዩ የሚታየው ጣሪያ ያለፈው ሳምንት ሊሆን ይችላል። «ከወረዳው ነዋሪ ስንት በመቶው ድሃ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን የሚካፈልበት ቁጥር ወደ ኋላ ቢከተሉት የሚደርሰው፣ በዚያ ቆጠራ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ከበር በር ከዞሩት ሰዎች ዘንድ ነው።